ሴንት ፒተርስበርግ፦ የዛሮቹ ቤተ መንግሥቶች እንዴት የሕዝብ ሙዚየም ሆኑ?

ለሁለት መቶ ዓመታት ገደማ የሩሲያ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው ሴንት ፒተርስበርግ ዛሬ ዘውድ የጫነ ነዋሪ የላትም። ቤተ መንግሥቶቿ ግን ቆመዋል። ዛሮቹ ግብር ያበሉባቸው፣ መልእክተኛ የተቀበሉባቸው፣ አንዳንዶቹም የተገደሉባቸው አዳራሾች አሁን ትኬት የቆረጠ ሁሉ የሚገባባቸው ሙዚየሞች ሆነዋል።

የእነዚህ ሙዚየሞች ታሪክ የውበትና የሀብት ታሪክ ብቻ አይደለም። በውስጣቸው ያለው ቅርስ ከእሳት፣ ከአብዮት፣ ከመንግሥት ሽያጭ፣ ከረኀብና ከከበባ የተረፈ ነው። በእያንዳንዱ ምዕራፍ ደግሞ ‘ይህ ሁሉ የማን ነው?’ የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ጥያቄው ዛሬም መልስ አላገኘም።

ከተማዋ ለአፍሪካ ቀንድ ሰዎችም ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። የአፄ ምኒልክ መልእክተኞች የረገጧት፣ ከሐረርና ከባሌ የተሰበሰቡ ዕቃዎች የሚገኙባት፣ የዘር ሐረጉ ከአፍሪካ የሚመዘዘው ገጣሚ አሌክሳንደር ፑሽኪን የኖረባትና የሞተባት ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በረግረግ ላይ የተቆረቆረች መናገሻ

ታላቁ ፒተር ከተማዋን የቆረቆሩት በ1703 ኔቫ ወንዝ ወደ ባልቲክ ባሕር በሚፈስበት ረግረጋማ ስፍራ፣ ከስዊድን በነጠቁት መሬት ላይ ነበር። ስሟን የሰጧት በሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ ነው። ዓላማቸው ሩሲያን ከአውሮፓ ጋር የሚያገናኝ የባሕር በር መክፈት ነበር።

ግንባታው ከመላው ግዛት በግዳጅ በመጡ ገበሬዎችና ምርኮኞች ጉልበት የተካሄደ ሲሆን፣ በሺዎች የሚቆጠሩት በበሽታ፣ በብርድና በድካም አልቀዋል። መኳንንቱ ቤት ሠርተው እንዲሰፍሩባት ታዘዙ። ግንበኞች ወደ አዲሲቱ ከተማ እንዲጎርፉም በ1714 በሌላው የሩሲያ ክፍል በድንጋይ መገንባት ተከለከለ።

ከተማዋ ስሟን ሦስት ጊዜ ቀይራለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መባቻ፣ በ1914፣ የጀርመንኛ ቃና ያለው ስሟ ተትቶ ፔትሮግራድ ተባለች። ሌኒን በሞቱበት በ1924 ሌኒንግራድ ሆነች። በ1991 ነዋሪዎቿ በሰጡት ድምፅ የመጀመሪያ ስሟን መልሳ አገኘች። መናገሻነቷ ግን በ1918 ወደ ሞስኮ ከተዛወረ በኋላ አልተመለሰም።

የክረምቱ ቤተ መንግሥት

በኔቫ ወንዝ ዳር የተዘረጋው አረንጓዴና ነጭ ሕንጻ የክረምቱ ቤተ መንግሥት ይባላል። ንድፉን ያወጣው ጣሊያናዊው መሐንዲስ ባርቶሎሜዮ ራስትሬሊ ነው። በንግሥት ኤልሳቤጥ ትእዛዝ በ1754 የተጀመረው ግንባታ ያለቀው በ1762 ሲሆን፣ ንግሥቲቱ ፍጻሜውን ሳያዩ ሞተዋል።

በ1837 ክረምት በሕንጻው ውስጥ የተነሣው እሳት ለሦስት ቀናት ነደደ። ቀዳማዊ ኒኮላስ ቤተ መንግሥቱ በአጭር ጊዜ እንዲታደስ በማዘዛቸው ዋና ዋና አዳራሾቹ በ15 ወራት ገደማ ተመልሰው ቆሙ። ግድግዳው ቶሎ እንዲደርቅ ምድጃ በሚነድባቸው ክፍሎች ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ሠራተኞች ግን ሕይወታቸውን ከፍለውበታል።

ጎብኚው በመጀመሪያ የሚወጣበት ባለ ነጭ እምነበረድ ሰፊ መወጣጫ ‘የዮርዳኖስ ደረጃ’ ይባላል። ስያሜው የመጣው ከጥምቀት በዓል ነው። በየዓመቱ በጥምቀት ዕለት ዛሩ ከነቤተሰባቸው በዚሁ ደረጃ ወርደው በረዶ ወደ ሸፈነው ኔቫ ያመሩ ነበር። ቀሳውስቱ በረዶውን ፈልፍለው ውኃውን ሲባርኩ ንጉሠ ነገሥቱ በአጠገባቸው ይቆማሉ።

ከሕንጻው ፊት ለፊት በተንጣለለው አደባባይ መካከል 47 ሜትር ተኩል የሚረዝመው የአሌክሳንደር ዓምድ ቆሟል። ዓምዱ እንደ አክሱም ሐውልቶች ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ሲሆን 600 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከመሠረቱ ጋር ምንም ማሰሪያ ሳይኖረው በክብደቱ ብቻ ጸንቶ የቆመ ነው።

በጃንዋሪ 1905 አቤቱታ ይዘው ወደ ዛሩ ሲጓዙ በነበሩ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች የተኮሱት በዚህ ቤተ መንግሥት አካባቢ ነው። ከ12 ዓመታት በኋላ ቦልሼቪኮች ሕንጻውን ያዙ። የጊዜያዊው መንግሥት ሚኒስትሮች የታሰሩበት ትንሽ የመመገቢያ ክፍል ዛሬም ይጎበኛል። በክፍሉ ያለው ሰዓት ሚኒስትሮቹ ሲያዙ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። እንደገና መቁጠር የጀመረው ልክ በመቶኛ ዓመቱ፣ በ2017 ነው።

ከዕዳ የተወለደው ሄርሚቴጅ

‘ሄርሚቴጅ’ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ቃል ሲሆን የባሕታዊ በዓት ማለት ነው። ዳግማዊት ካትሪን ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያሠሩትን የግል ማረፊያ በዚህ ስም ጠሩት። ማረፊያው ግን እንደ ስሙ የብቸኝነትና የድህነት ስፍራ ሆኖ አልቀረም።

ሙዚየሙ ልደቱን የሚቆጥረው ከ1764 ነው። በዚያ ዓመት ካትሪን ዮሐን ጎትስኮቭስኪ ከተባለ የበርሊን ነጋዴ ከ200 በላይ ሥዕሎችን ገዙ። ነጋዴው ሥዕሎቹን የሰበሰበው ለፕሩሲያው ንጉሥ ለታላቁ ፍሬድሪክ ነበር። ንጉሡ ከሰባቱ ዓመታት ጦርነት በኋላ ካዝናቸው ስለ ተራቆተ መግዛት አልቻሉም፤ ነጋዴውም የሩሲያ ዕዳ ነበረበት። ካትሪን በአንድ ድርጊት ዕዳቸውን ሰበሰቡ፣ ጎረቤታቸውንም በሀብት በለጡ።

ከዚያ በኋላ ግዢው አልቆመም። በ1772 የፈረንሳዩን የክሮዛን ስብስብ፣ በ1779 ደግሞ የእንግሊዙን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የሮበርት ዋልፖልን ስብስብ ጠቀለሉት። ይህን ሁሉ ሀብት የሚያዩት እርሳቸውና አይጦች ብቻ እንደሆኑ ለወዳጃቸው ጽፈው እንደነበር ይነገራል። ሕንጻው ለሕዝብ የተከፈተው በ1852 በቀዳማዊ ኒኮላስ ዘመን ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ የሕዝብ ንብረት የሆነው ግን ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ነው።

አይጦቹን በተመለከተ ቤተ መንግሥቱ የራሱ ዘዴ ነበረው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1745 ከካዛን ከተማ አይጥ አዳኝ ድመቶች እንዲመጡላቸው አዝዘው ነበር። ዛሬም በሙዚየሙ ምድር ቤት በርካታ ድመቶች ይኖራሉ፤ ይቀለባሉ፤ ሐኪምም አላቸው።

ሄርሚቴጅ አሁን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች አሉት። አንድ ሰው ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ሰጥቶ በቀን ስምንት ሰዓት ቢመለከት ከ17 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እርግጥ ለዕይታ የሚቀርበው የክምችቱ ጥቂት ክፍል ነው።

ብዙዎች የሚፈልጓቸው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሁለት የእመቤታችን ሥዕሎች፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የተሠራውና እንደ ሕያው ወፍ ላባውን የሚዘረጋው ባለ ወርቅ ጣዎስ ሰዓት፣ እንዲሁም የሬምብራንት ‘የጠፋው ልጅ መመለስ’ ናቸው። በዚህ የመጨረሻ ሥዕል ላይ የተቀዳደደ ጫማ ያደረገው ልጅ በአባቱ ጉልበት ሥር ተንበርክኳል፤ የሽማግሌው ሁለት እጆች በትከሻው ላይ አርፈዋል። ሬምብራንት ሥዕሉን የሠራው በሕይወቱ መጨረሻ ላይ፣ ሀብቱንም ቤተሰቡንም ካጣ በኋላ ነው።

በዚያው ክፍል አካባቢ የሚገኘው ሌላው የሬምብራንት ሥራ ‘ዳናኤ’ የሚያሳዝን ታሪክ አለው። በጁን 1985 አንድ ጎብኚ ሥዕሉን በስለት ወግቶ አሲድ ደፋበት። ባለሙያዎች ለማዳን 12 ዓመት ለፉ። በ1997 ዳግመኛ ለዕይታ ሲቀርብ አሲዱ የበላው የሬምብራንት ቀለም ሙሉ በሙሉ ሊመለስ አልቻለም ነበር።

ዘመናዊውን ሥነ ጥበብ የሚወድ ሰው አደባባዩን ተሻግሮ ወደ ጄኔራል ስታፍ ሕንጻ መሄድ ይኖርበታል። የማቲስ ‘ጭፈራ’ እዚያ ይገኛል። ሥዕሉን በ1910 ያሠሩት የሞስኮው ነጋዴ ሰርጌይ ሽቹኪን ናቸው። አብዮተኞቹ ስብስባቸውን በ1918 ወርሰውታል፤ እርሳቸውም አገር ጥለው በፓሪስ በስደት ሞተዋል።

ዋሽንግተን ያሉት የዛር ሥዕሎች

የሶቪየት መንግሥት ሕዝብ ወርሶታል ያለውን ሀብት ራሱ በድብቅ ሸጧል። ስታሊን ለፋብሪካዎች ግንባታ የውጭ ምንዛሪ በጥብቅ በፈለጉበት ጊዜ፣ በ1930 እና በ1931፣ የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ባለጸጋው አንድሩ ሜለን ከሄርሚቴጅ 21 ሥዕሎችን ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍለው ገዙ።

ከእነዚህ መካከል የራፋኤል ‘የአልባ ማዶና’ እና ‘ቅዱስ ጊዮርጊስ ደራጎኑን ሲወጋ’፣ እንዲሁም የቫን ኤይክ ‘ብሥራት’ ይገኙበታል። ሜለን ሥዕሎቹን ለአሜሪካ ሕዝብ አበረከቱ፤ በ1941 በዋሽንግተን የተከፈተው የናሽናል ጋለሪ ክምችት መነሻም ሆኑ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደ ሩሲያ ሳይጓዙ የዛሮቹን ሀብት ከፊል በነጻ ማየት የሚችሉት ለዚህ ነው።

ባዶ ክፈፎች

በጁን 1941 የናዚ ጀርመን ጦር ሶቪየት ኅብረትን ሲወር የሄርሚቴጅ ሠራተኞች ሌት ተቀን ዕቃ ማሸግ ያዙ። ዳይሬክተሩ ዮሲፍ ኦርቤሊ አስቀድመው ማሸጊያ አዘጋጅተው ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች በሁለት ባቡሮች ተጭነው ከኡራል ተራሮች ባሻገር ወዳለችው ስቨርድሎቭስክ ተጓዙ። ሦስተኛው ጭነት ግን ሳይወጣ ከበባው ተዘጋ።

ከሴፕቴምበር 8 ቀን 1941 እስከ ጃንዋሪ 27 ቀን 1944 ሌኒንግራድ ለ872 ቀናት በከበባ ውስጥ ቆየች። በረኀብ፣ በብርድና በድብደባ ያለቁት ሰላማዊ ሰዎች ቁጥር በብዙ ግምቶች ከ600 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። በሙዚየሙ ምድር ቤት እስከ 2,000 የሚደርሱ ሰዎች ተጠልለው ነበር። ለክፈፍ መጠገኛ የተቀመጠ ሙጫ ተቀቅሎ ተበልቷል።

ሠራተኞቹ ሥዕሎቹን ሲያወጡ ክፈፎቹን ሆን ብለው በየቦታቸው ሰቅለው ትተዋቸው ነበር፤ ሥዕሎቹ ሲመለሱ ቦታቸው እንዳይጠፋ። በከበባው መካከል የሙዚየሙ ባለሙያ ፓቬል ጉብቼቭስኪ የበረዶ ክምር በማጽዳት ለረዱ ወታደሮች ምስጋና እንዲሆን ባዶ አዳራሾቹን አስጎበኟቸው። በእያንዳንዱ ባዶ ክፈፍ ፊት እየቆሙ በውስጡ የነበረውን ሥዕል ከትዝታቸው ተረኩላቸው። በታኅሣሥ ወር 1941፣ ረኀቡ በበረታበት ሰዓት፣ የመካከለኛው እስያ ባለቅኔ የአሊሸር ናቮይ መታሰቢያ በዚሁ ሕንጻ ተከብሯል።

ሥዕሎቹ በ1945 ተመለሱ፤ ሙዚየሙም በዚያው ዓመት ተከፈተ። ሆኖም በዚያው ዘመን የሶቪየት ጦር ከጀርመን ያመጣቸው ሥራዎችም ወደ ሄርሚቴጅ መጋዘን ገብተዋል። ለ50 ዓመታት ተሠውረው ከቆዩ በኋላ በ1995 ለዕይታ ሲቀርቡ፣ ጠፋ ተብሎ የነበረው የደጋ ‘ፕላስ ዴ ላ ኮንኮርድ’ በመካከላቸው ተገኘ። ጀርመን ይመለሱልኝ ስትል፣ ሩሲያ በ1998 ባወጣችው ሕግ ለደረሰባት ጥፋት እንደ ካሳ ቆጥራ የራሷ አድርጋቸዋለች።

ከፍርስራሽ የተነሡት ቤተ መንግሥቶች

ከከተማዋ በስተደቡብ በሚገኘው ጻርስኮዬ ሴሎ የካትሪን ቤተ መንግሥት አለ። የዝናው ምክንያት የአምበር ክፍል ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም በ1716 ከአምበር የተሠሩትን የግድግዳ ገበታዎች ለታላቁ ፒተር በስጦታ ሰጡ፤ ፒተርም በምላሹ ንጉሡ የሚወዷቸውን ረጃጅም ወታደሮች ላኩላቸው።

የጀርመን ወታደሮች በ1941 ገበታዎቹን ነቅለው ወደ ኮኒግስበርግ ወሰዷቸው። ከ1945 በኋላ ያየቸው የለም። የሶቪየት የእጅ ባለሙያዎች በ1979 ፎቶግራፎችን መሠረት አድርገው ክፍሉን እንደ አዲስ መሥራት ጀመሩ። ሥራው ከጀርመን ኩባንያ በተገኘ የገንዘብ ድጋፍ ጭምር ተጠናቆ በ2003፣ የከተማዋ 300ኛ ዓመት ሲከበር፣ የሁለቱ አገራት መሪዎች በተገኙበት ተመርቋል።

በባሕር ዳር ያለው ፒተርሆፍ በፏፏቴዎቹ ይታወቃል። ሳምሶን የአንበሳውን መንጋጋ ሲከፍት የሚያሳየው ባለ ወርቅ ሐውልት በ1709 በፖልታቫ በስዊድን ላይ የተገኘውን ድል ያስታውሳል። ውኃው ወደ ላይ የሚተኮሰው በሞተር ኃይል አይደለም፤ ከሩቅ ከፍታ በቦይ ተስቦ የሚመጣ ውኃ በራሱ ግፊት ይዘላል። የመጀመሪያው የሳምሶን ሐውልት በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎ የጠፋ ሲሆን፣ አሁን ያለው በ1947 የተተከለ ምትኩ ነው።

የሩሲያ ሙዚየምና የተገደለው ዛር

ሄርሚቴጅ የዓለምን ጥበብ ሲይዝ፣ በሚካኤል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የሩሲያ ሙዚየም ደግሞ የአገሬውን ይዟል። ዳግማዊ ኒኮላስ ለአባታቸው ለሣልሳዊ አሌክሳንደር መታሰቢያ አድርገው በ1895 መሠረቱት፤ በ1898 ተከፈተ። የብሩሎቭ ‘የፖምፔይ የመጨረሻ ቀን’ እና የአይቫዞቭስኪ ‘ዘጠነኛው ማዕበል’ እዚህ ይታያሉ።

ኢልያ ሬፒን በ1870 ጀምሮ በ1873 የጨረሰው ‘የቮልጋ ጀልባ ጎታቾች’ በተለይ ቆም ብሎ ሊታይ ይገባዋል። አሥራ አንድ ሰዎች ደረታቸውን በጠፍር ታስረው መርከብ በወንዝ ዳር ይጎትታሉ። አንድ ወጣት ብቻ ቀና ብሎ ጠፍሩን ሊያላላ ይሞክራል። ለልዑል መኖሪያ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ የዚያ ሥርዓት ሸክም ተሸካሚዎች ተሰቅለዋል።

የሙዚየሙ ቅርንጫፍ የሆነው የሚካኤል ግንብ ደግሞ ቀዳማዊ ጳውሎስ ግድያን ፈርተው በውኃ ጉድጓድ አስከብበው ያሠሩት ነው። በገቡበት በ40ኛው ቀን ገደማ፣ በማርች 1801፣ የገዛ ባለሥልጣኖቻቸው መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ገደሏቸው።

የአፍሪካ ቀንድ አሻራ

አብራም ጋኒባል በሕፃንነቱ ከቁስጥንጥንያ ወደ ሩሲያ መጥቶ በታላቁ ፒተር ክርስትና አባትነት የተጠመቀ አፍሪካዊ ነው። በፈረንሳይ የጦር ምሕንድስና ተምሮ እስከ ጄኔራልነት ደርሷል፤ በ1781 ሞተ። የልጅ ልጁ ልጅ አሌክሳንደር ፑሽኪን ነው።

የቤተሰቡ ትውፊት ጋኒባልን ከሐበሻ ምድር ያመጣዋል። አንዳንዶች የትውልድ ስፍራውን ከመረብ ወንዝ ባሻገር፣ በዛሬዋ ኤርትራ ያደርጉታል። ቤኒናዊው ተመራማሪ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ግን በ1990ዎቹ ባቀረቡት ጥናት መነሻው የዛሬዋ ካሜሩን ውስጥ ያለችው ሎጎን ናት ብለዋል። ክርክሩ አልተዘጋም። አዲስ አበባም አስመራም ለፑሽኪን መታሰቢያ አቁመዋል። ገጣሚው በ1837 በተኩስ ፍልሚያ ቆስሎ የሞተበት በሞይካ ወንዝ ዳር ያለው ቤት ሙዚየም ነው።

በ1895 በፊታውራሪ ዳምጠው የተመራ የአፄ ምኒልክ ልዑክ በከተማዋ በክብር ተቀብሏል። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞችን ለማከም አዲስ አበባ ገቡ።

በ1714 የተመሠረተው ኩንስትካሜራ ሙዚየም ደግሞ ገጣሚውን ኒኮላይ ጉሚሌቭን በ1913 ወደ ኢትዮጵያ ልኮት ነበር። ጉሚሌቭ ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋና በሐረር በኩል እስከ ባሌ ሼክ ሁሴን ተጓዘ፤ በሐረርም የኋላውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ ያኔ ደጃዝማች ተፈሪን፣ አግኝቷል። የሰበሰባቸው ዕቃዎችና ፎቶግራፎች የሙዚየሙ ክምችት አካል ናቸው። እርሱ ግን በ1921 በሶቪየት መንግሥት ተረሽኗል።

የማን ናቸው?

ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2022 በዩክሬን ላይ ሙሉ ወረራ ከጀመረች ወዲህ ከምዕራባውያን ሙዚየሞች ጋር የነበረው የሥዕል መዋዋስ ተቋርጧል። በአምስተርዳም የነበረው የሄርሚቴጅ ቅርንጫፍ ግንኙነቱን አቋርጦ በ2023 ስሙን ቀየረ። ከ1992 ጀምሮ ሙዚየሙን የሚመሩት ሚካኤል ፒዮትሮቭስኪ ጦርነቱን በይፋ በመደገፋቸው በውጭ የሙያ ባልደረቦቻቸው ዘንድ ብርቱ ወቀሳ ገጥሟቸዋል።

በአገር ውስጥም ሌላ ክርክር አለ። የቅዱስ አሌክሳንደር ኔቭስኪ የብር ሣጥነ መቃብር በ1922 ከገዳሙ ተወስዶ ሄርሚቴጅ ገብቶ ነበር። በ2023 በረጅም ጊዜ ውሰት ወደ ገዳሙ እንዲመለስ ተደረገ። ምእመናን ለአምልኮ የተሠራ ዕቃ ቦታው መቅደስ ነው ይላሉ፤ የጥበቃ ባለሙያዎች ደግሞ ስለ ደኅንነቱ ይሰጋሉ። ይህ ሙግት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም።

ጎብኚ ሊያውቃቸው የሚገቡ

ሄርሚቴጅ ሰኞ፣ የሩሲያ ሙዚየም ደግሞ ማክሰኞ ዝግ ናቸው። ለሄርሚቴጅ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን መመደብና አስቀድሞ ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎችን መርጦ መግባት ይሻላል። ሁሉንም ለማየት የሚሮጥ ሰው የሚያስታውሰው ድካሙን ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞስኮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበርራል፤ ከዚያ ፈጣኑ ባቡር በአራት ሰዓት ገደማ ሴንት ፒተርስበርግ ያደርሳል። ከሩሲያ ውጭ የተሰጡ የቪዛና የማስተርካርድ የባንክ ካርዶች ከ2022 ወዲህ ስለማይሠሩ በቂ ጥሬ ገንዘብ መያዝ የግድ ነው። የቪዛ ሁኔታንና የጉዞ ማስጠንቀቂያዎችንም ቀድሞ ማጣራት ይገባል።

በጁን ወር ፀሐይ ዘግይታ ስለምትጠልቅ ሌሊቱ አይጨልምም። በዚህ ወቅት ከክረምቱ ቤተ መንግሥት አጠገብ ካለው ወደብ በፈጣን ጀልባ ወደ ፒተርሆፍ መሄድ ይቻላል። ማታ የሚያመሽ ግን አንድ ነገር መርሳት የለበትም፤ መርከቦችን ለማሳለፍ የኔቫ ድልድዮች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይነሣሉ። ማደሪያው በወንዙ ማዶ የሆነ ሰው ሰዓቱን ካላየ ድልድዩ እስኪወርድ መጠበቅ ይኖርበታል።